ጭጋግ የሚባል ፎልደር

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ጫኝ ነኝ» እላለሁ። የምጭነው ጤፍ አይደለም፤ ዘፈን ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ሱቅ አለችኝ። ሰው ሚሞሪውን ወይ ፍላሹን ይሰጠኛል፤ እሞላለታለሁ። ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ሚሞሪ ስንሻገር እዚያችው ወንበር ላይ ነበርኩ። አሁን ሁሉም በስልኩ ስለሚያዳምጥ ከዘፈን ይልቅ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን ነው የምሸጠው። ጫኝነቴን ግን አልተውኩም።

እዚህ ሥራ ላይ ቶሎ የሚገባህ ነገር አለ። ደንበኛ የዘፋኝ ስም አይጠይቅም። «ያቺን ሰሞኑን ሠርግ ቤት የምትጮኸውን» ይልሃል። ወይ እዚያው ቆሞ ያዜምልሃል፤ ዜማው ደግሞ ሁልጊዜ የተሳሳተ ነው። አንዲት እናት «ትናንት የአዘዞ ሚኒባስ ውስጥ ያስለቀሰችኝን ስጠኝ» ብለውኝ ያውቃሉ። ሾፌሩን ፈልጌ አገኘሁላቸው።

ስለዚህ ስም የሌለው ዘፈን ለእኔ ብርቅ አይደለም። ግን ከዘጠና በላይ ዘፈን እጄ ገብቶ፣ ማን እንደዘፈነው ሳላውቅ ሰባት ዓመት ያህል አብሬው ኖሬአለሁ። የዛሬው ወሬ ስለዚያ ነው። ቀድሜ ልንገራችሁ፤ የዘፋኞቹን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የራሴን በእኛው ነው የምጽፈው። ካልሆነ እኔም እናንተም እንደናገራለን።

2003 ሐምሌ ላይ ነው። ቱሪስት የሚጠፋበት ወር። አንድ ረጅም ፈረንጅ ዝናብ አባሮት ሱቄ ገባ። ከሰሜን ተራራ መውረዱ ነው፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ። የካሜራው ሚሞሪ ሞልቶበት ፎቶውን ወደ ሃርድ ዲስኩ ማዛወር ፈልጓል። ግማሽ ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ሻይ አስመጣሁ። የእኔ እንግሊዝኛ የአሥረኛ ክፍል ነው፤ የእሱ አማርኛ «አመሰግናለሁ» እና «ጭላዳ» ነው። በዚህ አንድ ሰዓት አወራን።

መብራት ሲመጣ ሥራው አለቀ። የሰጠኝን ብር የምመልስበት ዝርዝር ስላልነበረኝ «ተወው፣ በነጻ ነው» አልኩት። ጨዋነት መሰለው። ሃርድ ዲስኩ ላይ አንድ የሙዚቃ ፎልደር ከፈተና «ውሰድ» አለኝ። ኮፒ፣ ፔስት። ውስጡ ዘጠኝ ትንንሽ ፎልደር አለ፤ ከ1 እስከ 9 ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው። በየፎልደሩ ውስጥ ትራክ 01፣ ትራክ 02፣ ትራክ 03። በቃ። የሰውየውንም ስም ሳልጠይቅ ሄደ። ያን ዕለት ማታ ጉሙ ወርዶ የፋሲል ግንብ ጫፉ እንኳ አይታይም ነበር። ዋናውን ፎልደር «ጭጋግ» ብዬ ሰየምኩት።

መጀመሪያ አልወደድኩትም። የፈረንጅ ዘፈን ሲባል እኔ የማውቀው ቦብ ማርሊን፣ ኬኒ ሮጀርስንና ዶን ዊሊያምስን ነው። ኬኒ ሮጀርስን የማያውቅ የእኔ ዘመን ሰው ካለ ዋሽቷል። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ከበሮው አንዳንዴ የለም። ሴትዮዋ ስትዘፍን ድምጿን አታስጌጠውም፤ ውኃ እየቀዳች የምታንጎራጉር ነው የምትመስለው። ጊታሩ አንድ ቦታ ይቆምና ይዞራል፣ ይዞራል፣ መሄጃ የጠፋበት ይመስላል።

ክረምት ግን ረጅም ነው፤ ደንበኛም የለም። ሰማኋቸው። በመስከረም ላይ ዘጠኙንም ስም አወጣሁላቸው። አንድ የልጄን ደብተር ወስጄ በግራ በኩል ጻፍኩ፤ ቀኙን ባዶ ተውኩት። ለምን እንደተውኩት ያኔ አላወቅሁም።

ፎልደር 1 «ወይዘሮዋ» ሆነች። ቆማ የምትናገር፣ ስትናገር ሰው ዝም የሚልላት ዓይነት ናት። ፎልደር 2 «እትዬ»፤ አጥር ለአጥር የምንገናኝ ጎረቤት ነው የምትመስለው። 3 «ሹክሹክታ»። 4 «የጠዋቷ»፤ ሱቅ ስከፍት እሷን ነበር የማስነሳው። 5 «እብዶቹ»። 6 «ቡዳዎቹ»፤ ስለነሱ እመለስበታለሁ። 7 «መንታዎቹ»፤ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ትጨርሰዋለች። 8 «ክራረኛው»። 9 «ሸማኔዎቹ»፤ ሁለት ጊታር እንደ ድርና ማግ ይተላለፋሉ።

«ክራረኛው» ያልኩት እኔ አይደለሁም። ባህል ቤት ክራር የሚመታ ጓደኛ አለኝ። ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ሲጋራውን እየለኮሰ ፎልደር 8ን ሰማ። እጁን አነሳ። «ይሄ ሰውዬ ጊታሩን ፈትቶታል» አለ። «እንዴት?» «ቅኝቱን ቀይሮታል። የጊታር ቅኝት አይደለም ይሄ። እኔ ከትዝታ ወደ ባቲ ስሄድ እንደማደርገው አድርጎታል።» ዓይኑን ጨፍኖ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ክር አንድ ድምፅ ዝቅ እንዳደረገው ነገረኝ። ሁለተኛዋንም ጨመረ። አላመንኩትም ነበር። ቆይቶ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

እናቴ ደግሞ ሱቅ መጥታ ቁጭ ትላለች፤ ጾም ከሆነ ሽሮ ይዛልኝ ትመጣለች። እትዬን ትወዳታለች። «ምን ትላለች?» ትለኛለች፤ እኔም ከገባኝ እነግራታለሁ፣ ካልገባኝ ፈጥሬ እነግራታለሁ። ፎልደር 6ን የከፈትኩ ቀን ግን ተነሳች። አንድ ወንድ እንደ ፍየል እየተንቀጠቀጠ ይዘፍናል፤ ቫዮሊኑ ይቧጭራል፤ ሴትዮዋ ጫካ ውስጥ የምትሮጥ ትመስላለች። «አንተ ልጅ፣ ዝጋው ዲያ! ዛር ይቀሰቅሳል ይሄ!» ዘጋሁት። ለነገሩ እኔንም ማታ ማታ ያስፈራኝ ነበር።

ስለ በገና ማንሳት አለብኝ፤ ጭጋግ ውስጥ የገባሁት በእሱ በር ነው። ፎልደር 5 ላይ፣ እብዶቹ ጋ፣ አንድ የሚንዘር ክር አለ። ዜማ አይሠራም፤ ከሥር ዝም ብሎ ይነዝራል። በዓቢይ ጾም ሌሊት በገና የሰማ ሰው ያን ንዝረት ያውቀዋል። በገናችን አሥር አውታር አለው፤ በየአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች፤ ደረት ድረስ የሚሰማው ንዝረት ከእሷ ነው የሚመጣው። እብዶቹ በገና አልነበራቸውም። ያን ዓይነት ነገር ግን ፈልገው ነበር። ይህን ሙዚቃ ሳይኬደሊክ ፎክ እንደሚሉት በኋላ አነበብኩ፤ ቃሉ ከአደንዛዥ ዕፅና ከቅዠት ጋር የተያያዘ ነው። እውነት ነው፣ የዘመኑ ልጆች ያን ሁሉ ሞክረዋል። እኔ ግን ሱቄ ውስጥ ሻይ ይዤ ነው የሰማሁት፤ እና ንዝረቱ ብቻውን በቂ ነው እላለሁ።

አንድ ቀን ከቡርቧክስ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ መጡ። ቡርቧክስ ለማታውቁ፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለች የአዝማሪዎች መንደር ናት። የራሳቸውን የሠርግ ቅጂ ፍላሽ ላይ ሊያስጭኑ ነው። ኮፒው እስኪያልቅ ፎልደር 1ን ከፈትኩላቸው፤ ያቺን ከስምንት ደቂቃ በላይ የምትረዝመውን። መጨረሻዋ ላይ ቫዮሊኑና ጊታሩ ይያያዛሉ፣ ይሳደዳሉ።

ማሲንቋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙ።

«ስንት ክር አለው ይሄ?»

«አራት፣ አያ።»

«በአራት ክር የሚለው እኔ በአንድ ጭራ የምለውን ነው» አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና «ይሮጣል ግን» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

«ግጥሙስ?» አሉኝ። ያኔ የዘፈኑን ታሪክ በጆሮዬ ለቅሜ ለቅሜ ጨርሼው ነበር። ነገርኳቸው። አንዲት የጌታ ሚስት በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ አንድ ጎረምሳ ታያለች። ባሌ የለም፣ ና እቤቴ ትለዋለች። አሽከር ይሰማል፤ ሮጦ ለጌትዬው ይነግራል። ጌትዬው ይመጣል፤ አልጋው ላይ ያገኛቸዋል። «ተነስ፣ ልብስህን ልበስ፤ ራቁቱን ሰው ገደለ እንዳልባል» ይላል። ሰይፍ ይማዘዛሉ፤ ጎረምሳው ይሞታል። ሚስቱን «ከእኔና ከእሱ ማን ይሻልሻል?» ይላታል። «እሱ፣ ሬሳውም ቢሆን» ትለዋለች። እሷንም ይገድላታል።

አዝማሪው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጌትዬው ከሞቱ በኋላ ነው የተዘፈነው ወይስ በቁማቸው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «በቁማቸው ከሆነ አዝማሪው ራሱን ይዞ ቤቱ አልገባም። ሰም እንኳ የለውም። ዝም ብሎ ወርቁን አፈሰሰው።»

ይሄን አባባል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ትክክል ስለሆነ። የእንግሊዝና የስኮትላንድ የድሮ ትረካ ዘፈኖች ምንም አይሸፍኑም። ማን ማንን ገደለ፣ በምን ገደለ፣ የት ተቀበረ፣ በቃ። ዘፋኙ አያለቅስም፣ አይፈርድም፣ ከማንም ሽልማት አይጠብቅም። የእኛ አዝማሪ ያንኑ ታሪክ ቢያገኝ በሁለት መስመር ቅኔ ጠቅልሎ፣ የገባው ይሳቅ ያልገባው ያጨብጭብ ብሎ ይሰጥሃል። የትኛው ይበልጣል ብላችሁ አትጠይቁኝ። ስሜቴ የቡርቧክሱ ነው፤ ማታ ማታ ግን የሌላኛው ቅዝቃዜ ይሻለኛል።

ወደ ስሙ ልምጣ። በ2011 ስልክ ቀየርኩ። አንድ ካፌ ውስጥ ዋይፋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የእህቴ ልጅ ሻዛም የሚባል አፕ ጫነችልኝ። ዘፈን ታሰማዋለህ፤ ስሙን ይነግርሃል። ለአሥራ ምናምን ዓመት ጫኝ የሆነ ሰው ይህን አለማወቁ አሳፈራት። ፍላሼን አወጣሁ። ደብተሩንም ይዤው ነበር። ቀኙ ባዶ ነው።

መጀመሪያ ወይዘሮዋን። ሁለት ሰከንድ አልፈጀም። ፌርፖርት ኮንቬንሽን፤ ዘፋኟ ሳንዲ ዴኒ። አልበሙ «ሊጅ ኤንድ ሊፍ»፣ 1969። ደስ አለኝ፤ ጻፍኩ። ከዚያ ስለሷ ማንበብ ጀመርኩ። ለንደን ውስጥ ትንሽ ጊዜ በነርስነት ሠርታ ነበር። በኋላ ሌድ ዜፕሊን ከሚባለው የሮክ ባንድ ጋር አንድ ዘፈን ዘፍናለች። በሚያዝያ 1978 ሞተች። 31 ዓመቷ ነበር።

እንግዲህ እኛ መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። በጠዋት ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተነግሮት፣ ማን እንደሚናገር ተመርጦ። እኔ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ፊት በስልክ ነው የተረዳሁት። ሰባት ዓመት በየቀኑ የምሰማት ሴት ከሞተች አርባ ዓመት አልፏት ነበር። የእህቴ ልጅ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ምን ልበላት።

እሱ ብቻ አልነበረም። አልበሙ የተሠራበትን ምክንያት አነበብኩ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 1969 ሌሊት ከበርሚንግሃም ሠርተው ወደ ለንደን ሲመለሱ መኪናቸው አውራ ጎዳና ላይ ተገለበጠ። ከበሮ መቺው ማርቲን ላምብል ሞተ፤ 19 ዓመቱ ነበር። ከእነሱ ጋር የነበረች ጂኒ ፍራንክሊን የምትባል ወጣትም ሞተች። ሳንዲ እዚያ መኪና ውስጥ አልነበረችም። የተረፉት ያን በጋ ሃምፕሻየር ገጠር አንድ ትልቅ ቤት ተከራዩ። የድሮውን ዘፈናቸውን መጫወት አልፈለጉም፤ ሟቹ ስላለበት። ቤዝ ተጫዋቹ አሽሊ ሃቺንግስ ለንደን ያለው ሴሲል ሻርፕ ሃውስ ቤተ መዛግብት እየሄደ ከየገጠሩ የተለቀሙ የጥንት ዘፈኖችን ያወጣ ነበር። ቫዮሊን የሚመታ ዴቭ ስዋርብሪክ ጨመሩ። የቡርቧክሱን ሽማግሌ «ይሮጣል» ያሰኘው ሰው እሱ ነው።

ሊማሊሞንም ሆነ የአባይን በረሃ በሌሊት የወረደ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኔ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የሐዘን አልበም ነው ማለት ነው፤ እኔ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ የጦር አልበም መስሎኝ ነበር።

1969 ለእኛም ተራ ዓመት አይደለም። አምሃ እሸቴ አዲስ አበባ ላይ የራሱን ሸክላ አሳታሚ ያቋቋመው በዚያ ዓመት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ሄዷል። አንዱ ከእነሱ ከተማ መሣሪያ ይዞ ወደ ቅኝታችን መጣ፤ እነሱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ጊታራቸውን ይዘው ወደ አያቶቻቸው ሄዱ። መንገድ ላይ ሰላምታ የተለዋወጡ አይመስለኝም።

ከዚያ ካፌ ቶሎ አልወጣሁም። ደብተሩ መሞላት አለበት።

ክራረኛው ዴቪ ግርሃም ነው። አባቱ ከስኮትላንድ ስካይ ደሴት፣ እናቱ ከጉያና። ሞሮኮ ሄዶ ዑድ የሚባለውን የዓረብ ባለ ክር መሣሪያ ከሚጫወቱ ሰዎች ጋር ሲቀመጥ የጊታሩ ቅኝት አልስማማ ስላለው ሦስቱን ክሮች አንድ አንድ ድምፅ ዝቅ አደረጋቸው ይባላል። ስድስቱ ክሮች በተራ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ ሆኑ። ጓደኛዬ ሲጋራ እየለኮሰ ያወቀው እሱን ነው። ይሄ ቅኝት የደስታም የሐዘንም አይደለም፤ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የአየርላንድና የብሪታንያ ጊታረኛ ግማሹ በዚህ ነው የሚጫወተው። ለጓደኛዬ ስነግረው «እና ገንዘብ ከፈሉት?» አለኝ።

ሸማኔዎቹ ፔንታንግል ናቸው፤ በርት ጃንሽና ጆን ሬንቦርን ጊታሮቹ፣ ጃኪ ማክሺ ድምጹ፣ ዳኒ ቶምፕሰንና ቴሪ ኮክስ ከሥር። ጃዝ የሚያውቁ ሰዎች የገጠር ዘፈን ሲጫወቱ እንዴት እንደሚሆን ለመስማት «ባስኬት ኦፍ ላይት»ን ስሙ። እብዶቹ ኢንክሬዲብል ስትሪንግ ባንድ ናቸው፤ ኤዲንብራ ላይ በ1966 የተመሠረቱ። ሮቢን ዊልያምሰን እሱም ሞሮኮ ሄዶ ጊምብሪ የሚባል የቆዳ ክራር መሳይ ነገር ይዞ ተመለሰ። (ሞሮኮ ያልሄደ የለም።) በ1968 ያወጡት አልበም እንግሊዝ ውስጥ አምስተኛ ደረጃ ደርሶ ነበር፤ ያንን እብደት ያን ያህል ሰው መግዛቱ ስለ ዘመኑ ብዙ ይናገራል። በ1969 ዉድስቶክ በሚባለው ትልቅ የአሜሪካ የሙዚቃ ድግስ ላይ ተጋብዘው ዝናብ ሲመጣ አንጫወትም አሉ። በማግስቱ ሲወጡ ሕዝቡ ሌላ ነገር አምሮታል። በእነሱ ምትክ በዝናቡ የወጣችው ሜላኒ የምትባል ልጅ በአንድ ምሽት ታወቀች። የጎንደር ሰው ይህን ቢያይ ምን ይላል መሰላችሁ፤ ዝናብ ፈርቶ ጥምቀት የቀረ ያህል ነው።

ቡዳዎቹ ኮመስ ናቸው፣ 1971። እናቴ ስማቸውን ማወቅ አልፈለገችም።

መንታዎቹ ሜሎ ካንድል ናቸው፤ ከደብሊን። ክሎዳህ ሳይመንድስና አሊሰን ኦዶኔል የገዳም ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሳሉ ነው የጀመሩት። በ1972 አንድ አልበም አወጡ፤ አልተሸጠም፤ ተበተኑ። ዛሬ የዚያን ዘመን ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎች በብዙ ገንዘብ ይፈልጉታል። የአየርላንዱ በር በእነሱ ተከፈተልኝ፤ ሌሎቹን በኋላ ራሴ ፈለግኩ። ስዊኒስ ሜን የሚባሉ ነበሩ፤ ጆኒ ሞይኒሃን ቡዙኪ የሚባል የግሪክ ባለ ክር መሣሪያ አምጥቶ አስለመዳቸው፤ አሁን ቡዙኪ የአየርላንድ ባህላዊ መሣሪያ ነው የሚመስለው። እኛስ አኮርዲዮንን እንዲያ አላደረግነውም? ፕላንክስቲ በ1972 ተቋቁመው ከክንድ ሥር በወናፍ የሚነፋውን የአየርላንድ ዋሽንት ከጊታር ጋር አገናኙት።

የእኔ ተወዳጅ ግን ሆርስሊፕስ ናቸው። በ1973 «ዘ ቶይን» የሚል አልበም ሠሩ፤ በአንድ የጥንት የአየርላንድ ተረት ላይ። ንግሥት ሜቭና ባሏ ማን የበለጠ ሀብት አለው ብለው አልጋ ላይ ይከራከራሉ። ሲቆጥሩት እኩል ነው፤ ባልየው በአንድ ኮርማ ብቻ ይበልጣታል። ስለዚህ ሌላ አገር ያለ አንድ ኮርማ ለማምጣት ጦር ታዘምታለች። አንድ ጎረምሳ ብቻውን ጦሩን ያግዳል። አዝማሪው ሲመለሱ ይህን ነገርኳቸው። ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይሄ እንኳ የኛ አገር ነገር ነው» አሉ። «ኮርማው ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ሰው ስንት ሞተ አላሉም።

እትዬ ሸርሊ ኮሊንስ ናት። በ1969 እህቷ ዶሊ ትንሽ የቧንቧ ኦርጋን እየመታችላት የሠራችው ነው እጄ ላይ የነበረው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ድምጿ ጠፋ። አፏን ትከፍታለች፣ አይወጣም። 38 ዓመት አልበም አላወጣችም። በ2016፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋት በኋላ፣ ቤቷ ውስጥ ቀድታ ተመለሰች። ድምጿ ወርዷል፤ የአያት ድምፅ ሆኗል። ሁለቱን አልበም አከታትዬ ለእናቴ አሰማኋት። «አርጅታለች ዲያ፤ ግን እሷው ናት» አለች፤ ለአንድ ሰው ሰላምታ እንደምትልክ ዓይነት።

ሹክሹክታን መጨረሻ ላይ አስቀረሁት። ምን እንደሚመጣ ጠርጥሬ ነበር መሰለኝ።

ፎልደር 3 ሃያ ስምንት ደቂቃ ነው። አንድ ሰውና አንድ ጊታር፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ፒያኖ ትንሽ ጠብ ይላል። ማታ ሱቅ ስዘጋ እሱን ነበር የምከፍተው። እሱ ሲዘፍን ሒሳብ እሠራለሁ፣ እጠርጋለሁ፤ ሲያልቅ ቁልፍ። ሰባት ዓመት ማታዬ በእሱ ነው የተዘጋው። ለእኔ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር፤ ሠርቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው።

ኒክ ድሬክ። በርማ ተወልዶ እንግሊዝ ገጠር አደገ። ሦስት አልበም አወጣ፤ የእኔው ሦስተኛው ነው፣ «ፒንክ ሙን»። በጥቅምት 1971 በሁለት ሌሊት ከአንድ የድምፅ ባለሙያ ጋር ብቻ ቀዳው። ሦስቱም በሕይወቱ ሳለ ብዙም አልተሸጡም። በኅዳር 1974 ለድብርት የታዘዘለትን መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስዶ ሞተ። 26 ዓመቱ ነበር። በሞተ በ25 ዓመቱ አንድ የቮልስዋገን ማስታወቂያ ዘፈኑን ተጠቀመበትና ዓለም ገዛው። በሕይወቱ ያጣውን አድማጭ ቮልስ አመጣችለት።

ያን ማታ ሱቅ ስዘጋ ፎልደር 3ን ከፈትኩ። አልቻልኩም። ዘፈኑ ያው ነው፣ አንድ ድምፅ አልተቀየረም። እኔ ግን የደከመ ሰው ሳይሆን የሚሞት ልጅ ነበር የምሰማው። እያንዳንዱን ቃል ምልክት ይሆን እያልኩ አጠናው ጀመር። ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ለወራት ሱቅ የዘጋሁት በዝምታ ነው። በሻዛም ተናደድኩ፤ በአንድ አፕ መናደድ ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ማታዬን ወሰደብኝ። እንደ ደንበኞቼ «ያ ማታ ማታ የሚያንሾካሹከው» ብዬ መቅረት ስችል ደብተር ልሞላ ብዬ።

ከጓደኞቼ አንዱ ይህን ስነግረው «ስሙን ካላወቅክለት ግን ማን ያስታውሰዋል?» አለኝ። መልስ የለኝም። የገጠሩን ዘፈን የሠሩት ሰዎች ስም የለም፤ ሸርሊ ኮሊንስ የምትዘፍናቸው ሁሉ «ባህላዊ» ነው የሚባሉት፤ ከሠሪዎቹ ማንም አልታወሰም፤ ዘፈኑ ግን አለ። የኒክ ግን ዘፈኑም ስሙም አንድ ላይ ነው፤ አንዱን ነጥለህ ልትወስድ አትችልም። አሁን እንደገና እሰማዋለሁ፤ ግን ቀን ቀን፣ ሰው ሲኖር።

በ2015 ነሐሴ ኢንተርኔት ጠፋ። ወራት ሄደ፣ አልመጣም። ዩቲዩብ የለም፣ ቴሌግራም የለም። እና ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ደንበኞቼ ተመለሱ። ቻርጀር ሻጭ ሆኜ የረሱኝ ልጆች አቧራ የጠጣ ፍላሽ ይዘው ደጄ ላይ ተሰለፉ። «ያለህን ሁሉ ጫንልን።» ያለኝን ጫንኩ። ጥላሁንን፣ አስቴርን፣ የሠርግ ዘፈኑን። ሚሞሪው ላይ ቦታ ከተረፈ ደግሞ ሳልጠየቅ ጭጋግን እጨምርላቸዋለሁ። አብዛኞቹ ዲሊት አድርገውታል፤ ነግረውኛል።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ግን ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ሲያድር ሰምቶት ነው። ሚሞሪው ተበላሽቶበታል።

«ያቺን የጠዋቷን መልስልኝ» አለኝ።

ሳልነግረው ራሱ «የጠዋቷ» ማለቱ አስደነገጠኝ። ኮፒ አደረግኩለት። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ስሟን ልንገርህ?»

«ተወው ባክህ። በኋላ ሞታለች ትለኛለህ።»

«እሷ እንኳ አለች።»

«እንግዲያው ንገረኝ።»

ቫሽቲ በንያን አልኩት። በ1968 ከጓደኛዋ ጋር በፈረስ ጋሪ ከለንደን ተነስታ ወደ ስካይ ደሴት ሄደች። አንድ ታዋቂ ዘፋኝ እዚያ ለሠዓሊና ለዘፋኝ መንደር እየሠራ ነው ተብላ። ወደ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ አዲስ አበባ ከሚወስደው ይበልጣል። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀባት። ስትደርስ ሰውየው ትቶት ሄዷል። መንገድ ላይ የሠራቻቸውን ዘፈኖች በ1970 አወጣች፤ የገዛት የለም። ተወችው። ልጆች አሳደገች፣ ከብት አረባች፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ አልዘፈነችም። አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ የራሷን ስም ስትፈልግ፣ ሰዎች ያን ሸክላ በውድ ዋጋ እያፈላለጉት አገኘች። በ2000 እንደገና ታተመ። በ2005 ሁለተኛ አልበሟን አወጣች።

ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። «በጋሪ?» አለ።

«በጋሪ።»

«አንድ ፈረስ?»

«አንድ። ቤስ ትባላለች።»

ባጃጁን ዞር ብሎ አየው፤ ሦስት ቀን ቤንዚን ያላገኘውን።

«እሷስ አለች?» አለኝ።

ሚሞሪውን ነቅዬ ሰጠሁት።